ሙጫ የበዛበት ቲማቲም

ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው። ከዚህ ውስጥ ሃያ ሰባቱን ያሳለፍኩት ተቀምጬ ነው። ይህን የምነግራችሁ ለኩራት አይደለም፤ ወገቤን ለምን እንደሚያመኝ ከወዲሁ እንድታውቁልኝ ነው። ጅግጅጋ ውስጥ ያለ የአንድ እርሻ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነኝ። አባቴ በወታደርነት መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር፤ እኔም እዚሁ ተወለድኩ፣ እዚሁ ተማርኩ፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በታይፕራይተር ጀምሬ ኮምፒውተር ላይ ደርሻለሁ። በዚህ ሁሉ ዘመን ስለ ማሽላ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ግመል እከክ ያልተየብኩት ነገር የለም። አንድም ችግኝ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። በረንዳዬ ላይ ያለው አበባ ፕላስቲክ ነው፤ እሱም ቢሆን እኔ ዘንድ ከመጣ ወዲህ ቀለሙ ለቋል።

ነገሩ የጀመረው ባለሙያችን ከድር ስለ ግራር ሙጫ የሚያስረዳ አንድ ገጽ ጽሑፍ አምጥቶ «እትዬ፣ ይቺን ቶሎ» ያለኝ ዕለት ነው። ከድር አዋቂ ሰው ነው፤ እርሻውን ያውቃል፣ ሶማሊኛውንም ያውቃል፣ ሁለት ልጆችም አሉት። አንድ ጉድለቱ ሁሉም ነገር «ቶሎ» ነው። እንደ ጽሑፉ ከሆነ ከግራር ግንድ የሚንጠባጠበው ሙጫ ብዙ ሙያ አለው። ደቅቆ ችግኝ በሚተከልበት ጉድጓድ ከአፈር ጋር ሲደባለቅ እርጥበት ይይዛል። በውሃ ሟሙቶ ከኒም ቅጠል ጭማቂ ጋር ሲረጭ ደግሞ የኒሙን ምሬት ቅጠሉ ላይ ያቆየዋል፤ ነፋስ አያራግፈውም። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይና ነጭ ዝንብ ያንን ቀምሰው ይሸሻሉ። መጠኑ ለሃያ ሊትር ውሃ ሃምሳ ግራም ሙጫ ነው። ከዚህ የሚቀል ነገር የለም።

እኔ አምስት መቶ ብዬ ተየብኩት።

እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ያን ቀን መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ መጥቷል፤ እኔም አብሬው ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሬያለሁ። ሰው ወንበር ላይ ያርፋል፣ አልጋ ላይ ያርፋል፤ የኔ ጣት ዜሮ ላይ አረፈ። ከድር አየው፤ ፈረመ። ኃላፊያችን አየው፤ ማኅተም መታበት። አንዳችን ሌላው አንብቦታል ብለን ተማምነን ወረቀቱን ሸኘነው።

ከድር ወረቀቱን ይዞ ደምበል ወረደ። እዚያ በአንድ ደረቅ ወንዝ ዳር ጉድጓድ ቆፍረው አትክልት የሚያለሙ ሰባት ሰዎች አሉ። አሠለጠናቸው፣ ለየአንዳንዳቸው አንድ አንድ ቅጂ አደላቸውና በማግስቱ ተመለሰ። ቶሎ።

አሥር ቀን ያህል ቆይቶ ስልክ ተደወለ። ከድር እጁ በወረቀት ተይዞ ነበርና ድምፁን ለቀቀው። የሴት ድምፅ ነው፤ ጎላ ያለ፣ አማርኛውም የገበያ አማርኛ።

«ሐሊማ ነኝ፣ ከደምበል! ሙጫችሁ ቲማቲሜን አሰረው!»

«እንዴት አሰረው፣ ኤዶ?» አለ ከድር። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ በዕድሜ ከፍ ያለችን ሴት እዚህ አገር እንዲያ እንጠራታለን።

«ቅጠሉ ብርጭቆ ሆነ! ነፋስ ሲመጣ ይንኳኳል! አበባው አልከፈት አለ!»

«ምን ያህል ሙጫ አደረጉበት?»

«ባላችሁኝ መሠረት ነዋ! ሰው ላኩ፣ መጥታችሁ እዩት!»

ስልኩ ተዘጋ። ከድር ከመሳቢያው አንድ ቅጂ አወጣና በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ቁጥሩ ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«እትዬ» አለኝ፣ «ይቺ ዜሮ የማን ናት?»

ልጅ ጥፋት ሲያጠፋ እናቱን እንደሚጠሩት ዓይነት ነው የጠራኝ። አየኋት። ቁጭ ብላለች፤ ክብ፣ ንጹሕ፣ ማኅተም ያረፈባት።

«የኔ ናት» አልኩ።

ኃላፊያችን ጉዳዩን ሰምተው ብዙም አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከድር ስብሰባ ስላለበት፣ መኪናውም ጋራዥ ስለሆነ፣ ስህተቱን የሠራው ሰው ራሱ ሄዶ ገበሬዋን ይቅርታ እንዲጠይቅ ወሰኑ። «ከፈለግሽ የጉዞ ደብዳቤሽን ጻፊና አምጪልኝ፣ እፈርማለሁ» አሉኝ። ባልፈልግስ ምን እንደሚሆን አልነገሩኝም።

በማግስቱ ፓስታና ስኳር በጫነ አይሱዙ ላይ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ጉዞ ጀመርኩ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ወገቤ ከኔ ቀድሞ ደምበል የደረሰ መሰለኝ። ሹፌሩ ጨዋታ ወዳድ ነው።

«የምን ባለሙያ ነሽ?» አለኝ።

«የስህተት» አልኩት። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም፤ ከመንግሥት ቁጥጥር የተላክሁ መስሎት ይሆናል።

መንገዱን ሙሉ ይቅርታዬን ሳዘጋጅ ነበር። ሐሊማ ፍየሎቿን ድርቅ ፈጅቶባት፣ በመጨረሻ ወደ አትክልት የዞረች ሴት መሆኗን ከድር ነግሮኛል። ከነዚያ ቲማቲሞች ሌላ የቀራት ነገር የለም። የሰውን ፍየል ድርቅ ሲገድልበት ሰማዩን አይቶ ዝም ይላል። ቲማቲሙን ጸሐፊ ስትገድልበት ግን ማንን አይቶ ዝም ይላል? ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያዘጋጀሁት ይቅርታ እየረዘመ ሄደ፤ ስደርስ ልክ የበጀት ዓመት ሪፖርት አህሎ ነበር።

ሐሊማ ደረቁ ወንዝ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ናት፤ ከኔ ብትበልጥ በጥቂት ዓመት ነው። ድሬዳዋ ገበያ ለብዙ ዘመን ወተት ስለሸጠች አማርኛ ትችላለች።

«ወይዘሮ ሐሊማ፣ እርስዎን ይቅርታ ልጠይቅ…» ብዬ ጀመርኩ።

ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። «ስንት ሐሊማ አየሽ? አንድ ነኝ። አንቺ በይኝ። መጀመሪያ ወተት ጠጪ።»

ከጎረቤት የመጣ የግመል ወተት ተሰጠኝ፤ ጠጣሁ። ይቅርታዬን ልቀጥል አፌን ስከፍት ጽዋው እንደገና ሞላ። አፌን በከፈትኩ ቁጥር የጠማኝ እየመሰላት ሦስተኛም ቀዳችልኝ። ከዚያ ይዛኝ ወደ ማሳው ሄደች።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ማሳ አይቼ አላውቅም። አሥራ አራት ረድፍ ቲማቲም በፀሐይ ያብረቀርቃል። ቅጠሉ ሁሉ ስኳር ተቀቅሎ የፈሰሰበት ይመስላል። ክሽክሹ ወገን ወገኑን ይዞ ሙጫው ውስጥ ደርቋል፤ ነጭ ዝንቡ ክንፉን እንደዘረጋ ቀርቷል። አንዱ ቅጠል ላይ የዶሮ ላባ፣ ሌላው ላይ የከረሜላ ወረቀት ተለጥፏል። ነፋስ ሽው ሲል እውነትም ይንኳኳል። በተባይ በኩል ከሆነ ማሳው ላይ አንድም ጤነኛ ተባይ አልነበረም። ችግሩ ጤነኛ ቲማቲምም አለመኖሩ ነው።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አለችኝ ሐሊማ።

እንግዲህ እኔ የመጣሁት ይቅርታ ይዤ ነው፤ መድኃኒት አልያዝኩም። ከድር ጋ ልደውል ብል ስልኬ አይሠራም። ኔትወርክ ያለው ኩይሳው ጫፍ ላይ ነው ተባልኩ። በቢሮ ጫማዬና በጠባብ ቀሚሴ ምስጦች የሠሩት ቁልል ላይ ወጣሁ፤ ሐሊማ ከኋላዬ እየገፋችኝ ማለቴ ነው።

«አይዞሽ፣ ቀላል ነው!» አለኝ ከድር። «የግራር ሙጫ በውሃ ይለቃል። በለብታ ውሃና በጨርቅ ቅጠሉን ማጠብ ነው።»

«የትኛውን ቅጠል?»

«ሁሉንም ነዋ። አንድ በአንድ። ቶሎ!»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን ከድር፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በዚያኑ ዕለት ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ነገር ግን ሐሊማ አሥራ አራቱን ረድፍ ስታይ አየኋት። አልከሰሰችኝም፣ አልተማጠነችም። ጨርቅ ቀደደችና ለራሷ ብቻ ያዘች። ያንን አይቶ አይሱዙ ላይ የሚሳፈር ሰው ካለ አንጀቱ ከኔ የጠነከረ ነው። እንደገና ኩይሳው ላይ ወጥቼ ለኃላፊዬ ሦስት ቀን እንደምቆይ ነገርኩና እኔም ጨርቅ ስጪኝ አልኳት።

በቀሚሴ መጎንበስ ስላልቻልኩ ዲራዕ አለበሰችኝ፤ ሶማሌ ሴቶች የሚለብሱት ሰፊ፣ ስስ ቀሚስ ነው። እሷ ቁመተ ረጅም እኔ አጭር ስለሆንኩ ግማሹ መሬት ላይ ተከተለኝ። አጎንብሼ ማጠብ ጀመርኩ። ልጅ አጥቤ አሳድጌያለሁ፤ ልጅ ቢያንስ ፊቱ አንድ ነው። አንድ የቲማቲም እግር ስንት ቅጠል እንዳለው የምታውቁ ከሆነ በልባችሁ ያዙት። ፊቱን ታጥቢያለሽ፣ ትገለብጪዋለሽ፣ ጀርባውን ታጥቢያለሽ። ስትጨርሺ ጎረቤቱ እኔስ ይላል። አበባው ጋ ስትደርሺ ደግሞ ትንፋሽ መያዝ ነው፤ ጠንከር ካደረግሽ ይረግፋል።

ውሃው ደግሞ እንደ ልብ አይደለም። ከጉድጓዱ በጀሪካን ይቀዳል፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ለብ ይላል፣ ከዚያ በቆርቆሮ ይሰፈርልኛል። መጀመሪያ ጊዜ እጣቢውን ከረድፉ ውጭ ደፋሁት።

«ምን ማድረግሽ ነው?» ብላ ጮኸች ሐሊማ። «ሥሩ ላይ! ሥሩ ላይ አፍስሺው!»

ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳላስተርፍ ሥሩ ላይ አፈሰስኩ።

ከሰዓት በኋላ የጎረቤት ፍየሎች መጡ። ለካ ፍየል የግራር ሙጫ ነፍሷ ነው! የኛ ቲማቲም ደግሞ ሙጫ የተቀባ ቅጠል ነው፤ ለፍየል ከዚህ የበለጠ ግብዣ የለም። አንዷ ራሷ ጥቁር የሆነ ነጭ ፍየል ቀጥታ እኔ ወደማጥበው እግር መጥታ ከማዶ በኩል መላስ ጀመረች። ለጥቂት ጊዜ ተውኳት፤ እውነቱን ለመናገር ከኔ ይልቅ ፈጣን ነበረች። ሙጫውን ስትጨርስ ቅጠሉን ቀጠለች። ተነሥቼ ላባርር ስል የተረፈው ዲራዕ ከእግሬ ሥር ገባ፤ በግንባሬ ረድፍ መሐል ተዘረጋሁ። ስነሣ በእርጥብ ሙጫ ላይ አፈር፣ በአፈሩ ላይ ገለባ ተለጥፎብኛል። ፍየሏ ቀረብ ብላ ክርኔን ላሰችኝ።

ሐሊማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች። ከዚያ ሳቋን ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገችና «የኔዋም እንዲህ ነበረች፤ ራሷ ጥቁር የሆነች» አለች። ስለ ፍየሎቿ ያወራችው ያኔ ብቻ ነው። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ወደ ማጠቡ ተመለስን።

ሁለተኛውን ቀን ስንጎነበስ ዋልን፤ ጎን ለጎን እያጠብን ብዙ አወራን። ልጅ ሆና ፍየል ስትጠብቅ ሙጫ ከግራር እየለቀመች ምሳዋን እንደምትበላ ነገረችኝ። እኔ ደግሞ ስለ መብራት መጥፋት፣ ስለ ወገቤ ነገርኳት። ያን ይቅርታዬን ግን ዋጥ አድርጌ ያዝኩት። ከሰው ጋር ከተሳሳቁ በኋላ ጥፋትን መናገር ከመጀመሪያው ይልቅ ይከብዳል።

ሦስተኛው ቀን ዐሥራ አራተኛው ረድፍ ላይ፣ የመጨረሻው እግር ታጥቦ እንዳለቀ፣ ጨርቄን ጨምቄ ቆምኩ። ማለትም ለመቆም ሞከርኩ። ወገቤ ግማሽ ላይ እምቢ ስላለኝ እንደጎበጥኩ ተናገርኩ።

«ሐሊማ፣ የምነግርሽ አለ። ቲማቲምሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሃምሳ ማለት ሲገባኝ አምስት መቶ ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«የትኛውን ወረቀት?» አለች።

«ከድር የሰጠሽን ነዋ! መጠኑ የተጻፈበትን!»

አሰበች። ከዚያ ወደ ቤቷ ገብታ ወረቀቱን ይዛ መጣች። እንደታጠፈ ነው፤ አንዴም አልተዘረጋም። የግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ወትፋው ኖሯል፤ ነፋስ እንዳይገባ።

«እኔ ፊደል መቼ አውቃለሁ?» አለችኝ።

«ታዲያ በስልክ ባላችሁኝ መሠረት አልሽ እኮ!»

«አዎ። ያ ሰውዬ ሲያስተምረን ሳትሰስቱ ርጩ አለን። እኔም አልሰሰትኩም። ለአንድ ባልዲ ሦስት ጣሳ ሙጫ ከተትኩ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ጣሳ! የኔ አምስት መቶ ግራም ከዚያ ጎን ሲታይ ቁጠባ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ፣ አሥራ አራት ረድፍ፣ ባልሠራሁት ጥፋት ተጎንብሼ ኖሬያለሁ። የምስቅ ይሁን የማለቅስ አልለይ አለኝ፤ ሐሊማ ፀሐይ የመታኝ መስሏት ራሴ ላይ ውሃ አፈሰሰች።

«እና እኔ ቅጠል ሳጥብልሽ ለምን መሰለሽ?» አልኳት።

«እኔም ገርሞኝ ነበር» አለች በቁም ነገር። «መንግሥት ቅጠል የሚያጥብ ሰው መላክ ጀመረ እንዴ? ብዬ።»

«ግን ዜሮው እውነት ነው፤ ወረቀቱ ላይ አለ። እውነት ተሳስቻለሁ።»

ወረቀቱን አየችው፤ እኔንም አየችኝ። «በዚህ ቲማቲም ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አለች። «የራስሽን ጥፋት ለሌላ ሰው አድርሺ።»

እውነቷን ነው፤ ሌሎች ስድስት ሰዎች ወረቀቱን ወስደዋል። እንደጎበጥኩ በየቤቱ ዞርኩ። አንዱ ሻይ ቅጠል ተጠቅልሎበታል። ሁለቱ ጠፍተዋል። የአንደኛዋን ዝናብ አግኝቶታል፤ ሌላኛው ራዲዮ ባትሪ ሥር ገብቷል። ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት መምህር። የእሱ ቲማቲም ለምለም ሆኖ አገኘሁት።

«አምስት መቶ ይላል እኮ!» አልኩት ወረቀቱን እያሳየሁ።

«አየሁት» አለኝ። «ያስቸገረሽ ዜሮ ናት? እኔ ሳነበው ሰርዤያት ነው የጀመርኩት። ስንት ዓመት የቢሮ ወረቀት ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ።»

ጅግጅጋ ተመልሼ ለኃላፊያችን ሁሉንም እንዳለ ነገርኳቸው። ከድር «ሳትሰስቱ» ማለቱን መጀመሪያ ካደ፣ ኋላ አመነ፣ ከዚያ ስብሰባ አለብኝ ብሎ ወጣ። ወረቀቱን አስተካክዬ እንደገና ተየብኩት። ለአንድ ሳምንት ያህል ካልሲዬን የሚያወልቅልኝ ባለቤቴ ነበር።

ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ሐሊማ ናት።

«ቀላ!» አለችኝ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ። «ሦስቱ ረድፍ ሞቷል፤ የቀረው ግን አበባ አወጣ፣ ቀላ! ያ ሥሩ ላይ ያፈሰስነው እጣቢ እርጥበቱን ይዞት ነው መሰለኝ፤ ውሃ ሳጠጣው ቶሎ አይደርቅም።»

እንባዬ መጣ። ሃያ ሰባት ዓመት ስለ ሰብል ጽፌ አንድ ነገር ሲቀላ ያየሁት፣ ማለቴ የሰማሁት፣ ያን ቀን ነው።

«እና ጎረቤቶቼ አይተው ቀኑ» ብላ ቀጠለች። «አምስቱም ሙጫ አበዙና ረጩ። ተባዩ ይጣበቃል፣ ይታጠባል፣ እጣቢው ሥሩን ያጠጣል። ያንቺ መንገድ ነው አልኳቸው። አሁን ቅጠሉ ብርጭቆ ሆኗልና ነይ።»

«የኔ መንገድ አይደለም!» ብዬ ጮኽኩ። «ስህተት ነው! መምህሩን ጠይቁ፤ በትንሽ ሙጫ ሳያጥብ የሱ አምሮ የለም እንዴ?»

«የሱማ ከሁላችንም ያምራል» አለች። «ግን ማሳው ላይ ብቻውን ነው የሚውለው። ማን ያጫውተዋል?»

ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ ወገቤን ያዝኩ።

«ሐሊማ፣ ደክሞኛል» አልኳት።

«እኛም ደክሞናል» አለችኝ። «ለዚህ አይደል የምንጠራሽ?»